ድምፁ ለምን ይቆረጣል? በኮምፒዩተር ስንቀዳ ስለሚያጋጥም ችግርና ስለ መላው

በዚህ እትም የምናወራው በድምፅ መቅጃ ክፍላችን ብዙ ሰው ስላስመረረ አንድ ችግር ነው። ላፕቶፕ ላይ ድምፅ ስንቀዳ በመሃል «ጠቅ» የሚል ነገር ይገባል፤ አንዳንዴም ቃሉ ግማሹ ተውጦ ይቀራል። መልሰን ስንቀዳ ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ይደግመዋል።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ለጎልማሶች የማታ ትምህርት ስለ ውሃ ንጽሕና የሚናገር የሃያ ደቂቃ ትምህርት ቀድተን ጨረስን። በሜሞሪ ካርድ አባዝተን ልናድል ስንል አንዲት ተማሪ «ለመጨረሻ ጊዜ ልስማው» ብላ ማዳመጫውን አደረገች። ጥቂት ቆይታ «ቲቸር፣ ይሄ ነገር ልክ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሰማሁት። «ያልፈላ ውሃ አትጠጡ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ «አት» የምትለዋ ጠፍታ «ያልፈላ ውሃ ጠጡ» ሆኗል። አንባቢዋ በትክክል ነው ያነበበችው፤ ወረቀቱም ላይ በትክክል ተጽፏል። የበላው መሣሪያው ነው።

«አት» ለማለት ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ያነሰ ጊዜ ይበቃል። በቋንቋችን ግን የ«አድርጉ»ና የ«አታድርጉ» ልዩነት ያለው እዚያች ላይ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ «ትንሽ ጠቅ ብትል ምን አለበት» የሚል ሰው እኛ ክፍል ውስጥ የለም። መንስኤውን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀብን። እናንተ ያን ያህል እንዳትለፉ ያገኘነውን እነሆ።

ቧንቧውና ጀሪካኑ

ኮምፒዩተር ድምፅን እንደ ጆሮ አይሰማም። ማይክሮፎኑ ያመጣውን ድምፅ የድምፅ ካርዱ (ወይም በዩኤስቢ የምንሰካው የድምፅ ሣጥን) በሰከንድ 44,100 ወይም 48,000 ጊዜ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። እያንዳንዷ ልኬት ሳምፕል ትባላለች። ኮምፒዩተሩ ግን ሳምፕሎቹን አንድ በአንድ አይቀበልም፤ ጊዜ አይበቃውም። ስለዚህ በአንድ ዕቃ ይጠራቀሙና ዕቃው ሲሞላ በአንድ ጊዜ ይወሰዳሉ። ይህ ዕቃ ባፈር ይባላል።

ውሃ ለመቅዳት ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ይሄን ለመረዳት አይቸግረውም። ቧንቧው ተከፍቷል እንበል፤ መዝጊያም የለውም። ሁለት ጀሪካን አለን። አንዱ ሞልቶ ቤት ስናደርስ ሌላው ከቧንቧው ሥር ይሞላል። ያደረስነውን ገልብጠን፣ ሁለተኛው ሞልቶ ሳይፈስ መመለስ አለብን። ከዘገየን ውሃው መሬት ላይ ነው። የፈሰሰ ውሃ ደግሞ አይታፈስም። ድምፁ ላይ የምንሰማው «ጠቅ» ይህ የፈሰሰው ውሃ ነው።

እንግዲህ የጀሪካኑ መጠን ወሳኝ ነው። በሰከንድ 44,100 ሳምፕል ሲቀዳ፣ 64 ሳምፕል የሚይዝ ባፈር በ1.5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይሞላል። 256 የሚይዘው በ5.8፣ 1,024 የሚይዘው በ23.2 ሚሊ ሰከንድ ይሞላል። (አንድ ሚሊ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺኛ ናት።) ትንሽ ጀሪካን ያለው ሰው ቶሎ ቶሎ መመላለስ አለበት፤ መንገድ ላይ ሰላምታ ለመለዋወጥ እንኳ ጊዜ የለውም።

«ታዲያ ሁልጊዜ ትልቁን ለምን አንጠቀምም?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ትንሽ ባፈር ለምን ይፈለጋል?

ትልቅ ጀሪካን እስኪሞላ ቤት ያለው ሰው ውሃ ሳያገኝ ይጠብቃል። ድምፅም እንዲሁ ነው። አንባቢዋ የራሷን ድምፅ በማዳመጫ የምትሰማው ኮምፒዩተሩ ውስጥ ገብቶ ከወጣ በኋላ ከሆነ፣ ድምፁ በመግቢያው ባፈር ይጠብቃል፣ በመውጫው ባፈርም ይጠብቃል፣ የዩኤስቢና የመለወጫው ትንሽ ትንሽ ጊዜ ይጨመርበታል። ስለዚህ 1,024 ስንሞላ መዘግየቱ 23 ሳይሆን ቢያንስ ከ46 ሚሊ ሰከንድ በላይ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ ወደ 343 ሜትር ስለሚጓዝ፣ 10 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ማለት ከሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት እንደሚናገር ሰው ነው፤ ይሄ ምንም አይደለም። ከ40 ሲያልፍ ግን ማሚቶ ይሆናል፤ አንባቢ ይደናገራል። ወደ 200 ሲጠጋ ብዙ ሰው መንተባተብ ይጀምራል። ካላመናችሁ ሞክሩት፣ ያስቃል።

ኪቦርድ ለሚጫወት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ቁልፉን ተጭኖ ድምፁ ዘግይቶ ሲመጣበት ምቱን ይስታል። እኛም ችግር ውስጥ የገባነው በዚህ መንገድ ነው። አንድ ተማሪ ለትምህርቱ መግቢያ የሚሆን ዜማ በኮምፒዩተር ኪቦርድ ይጫወት ነበር። እንዳይዘገይበት ብዬ ባፈሩን 64 ላይ አደረግሁለት። ልጁ ተጫውቶ ሄደ፤ እኔ ግን መልሼ ከፍ ማድረጉን ረሳሁት። በማግሥቱ የውሃው ትምህርት በዚያው በ64 ተቀዳ።

እዚህ ላይ ቶሎ ልንገራችሁ፤ ምናልባት ቀሪው ጽሑፍ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ብዙዎቹ የዩኤስቢ የድምፅ ሣጥኖች የማይክሮፎኑን ድምፅ ወደ ኮምፒዩተሩ ሳይልኩ እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ቀጥታ ወደ ማዳመጫው የሚያደርሱበት ቁልፍ ወይም የሚዞር እጀታ አላቸው። «ዳይሬክት ሞኒተር» ይባላል። እሱን ካበራችሁና በሶፍትዌሩ በኩል ራስን መስማትን ካጠፋችሁ አንባቢዋ ድምፅዋን ያለ መዘግየት ትሰማለች። ያኔ ባፈሩ 1,024 ይሁን 2,048 ለእሷ ለውጥ የለውም። ሁለቱን አብራችሁ ከተዋችሁ ግን ድምፁ ድርብ ሆኖ ይሰማል፤ «ሣጥኑ ተበላሸ» ብላችሁ እንዳትመልሱት።

ለንባብ፣ ለተረት፣ ለቃለ መጠይቅ ትንሽ ባፈር በፍጹም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ኮምፒዩተሩ ራሱ ድምፁን ሠርቶ በቅጽበት መመለስ ሲኖርበት ነው፤ ማለትም ለኪቦርድ፣ ወይም ድምፁ ላይ ለውጥ እየተደረገበት መሰማት ካለበት። ይህን ሳይለዩ «ሎው ሌተንሲ ጥሩ ነው ሲባል ሰምቻለሁ» ብሎ ቁጥሩን ማውረድ ጫማ ሳይጠብ በግድ ማጥበብ ነው።

«ፕሮሰሰሩ እኮ 15 በመቶ ብቻ ነው የሚሠራው!»

ይህን ያለኝ የኮምፒዩተር መምህራችን ነው። እውነቱን ነበር፤ ታስክ ማኔጀርን ከፍተን ስናይ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ታዲያ ድምፁ ለምን ይቆረጣል?

ወደ ጀሪካኑ እንመለስ። ውሃ ቀጂው ጎበዝ ሯጭ ነው እንበል። ቀኑን ሙሉ ቢደመር የሚሠራው ጥቂት ሰዓት ነው፤ ቀሪውን ቁጭ ብሎ ይውላል። ነገር ግን ከመንገዱ ላይ አንድ ዘበኛ ያስቆመውና «መታወቂያ» ይለዋል። ሁለት ደቂቃ ያቆመዋል። ሁለተኛው ጀሪካን በአንድ ደቂቃ የሚሞላ ከሆነ ውሃው ፈሰሰ። የሯጩ ጉልበት እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። ዋናው ጥያቄ «በአንድ ጊዜ ለምን ያህል ይቆማል?» የሚለው ነው።

ኮምፒዩተር ውስጥ እነዚህ ዘበኞች ድራይቨሮች ናቸው፤ ኮምፒዩተሩ ከዋይፋዩ፣ ከባትሪው፣ ከስክሪኑ ጋር የሚነጋገርባቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች። ዊንዶውስ ለእነሱ ከማንኛውም ተራ ፕሮግራም በፊት ቅድሚያ ይሰጣል፤ ሥራቸውን እስኪጨርሱ የድምፅ ፕሮግራሙ ተሰልፎ ይጠብቃል። በደንብ የተጻፈ ድራይቨር ከሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ጨርሶ ይሄዳል። በደንብ ያልተጻፈው ሦስት አራት ሚሊ ሰከንድ ይይዛል። ባፈሩ 1,024 ከሆነ ይሄ አይታወቅም። 64 ከሆነ ግን ድምፁ ተቆረጠ። የፕሮሰሰር መለኪያው የሚያሳየው አማካዩን ስለሆነ ይህን አያሳይም፤ ስለዚህ እሱን አይታችሁ «ኮምፒዩተሩ ደህና ነው» አትበሉ።

መጀመሪያ በሽታውን ለዩ

«ድምፁ ተበላሸ» የሚባለው ሁሉ መቆረጥ አይደለም። ሰው ማይክሮፎኑን ተጠግቶ ሲጮህ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ በስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ ስታዩት የሞገዱ ጫፍ በመቀስ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ነው። ይሄ የመጠን ችግር ነው፣ የመቅጃውን ድምፅ ዝቅ አድርጉ። ሽቦውን ስታነቃንቁት የሚንጫጫ ከሆነ ኬብሉ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጥ «እምምም» የሚል ከሆነ ከኤሌክትሪኩ የመጣ ነው፤ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ለዩ። እውነተኛው መቆረጥ ሌላ መልክ አለው፤ ሞገዱ በደህና እየሄደ ድንገት በአንድ ነጥብ ይዘላል፣ ወይም ቀጥ ያለ መስመር (ዝምታ) ሆኖ እንደገና ይጀምራል። አንዳንዴ ዝምታ እንኳ ሳይኖር ሁለቱ ጫፎች ተገጣጥመው ይቀራሉ። የእኛ «አት» የጠፋችው እንደዚያ ነው፣ ለዚህም ነው ሁለት ሰው ሰምቶት ሳያውቅ ያለፈው።

ሌላው መለየት ያለበት ቆራጩ ሲቀዳ ነው ወይስ ሲጫወት? አንዱን ቦታ ሦስት ጊዜ አጫውቱት። «ጠቅ»ታው ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ካለ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል። አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ የሚል ከሆነ ቀረጻው ደህና ነው፤ ሲጫወት ነው የሚቆረጠው። ፋይሉን ወደ ስልክ ገልብጦ መስማትም ይቻላል። እኛ ጋ አንድ መምህር ደህናውን ቀረጻ ሦስት ጊዜ ደምስሶ እንደገና ቀድቷል፣ ችግሩ ግን የሚያዳምጥበት ላፕቶፕ ነበር።

ኦዳሲቲን ለምትጠቀሙ፣ በፕሪፈረንስ ውስጥ በሪከርዲንግ ገጽ «ዲቴክት ድሮፕአውትስ» የምትል ምርጫ አለች። ምልክት አድርጉባት። ፕሮግራሙ ድምፅ መጥፋቱን ካወቀ ቦታው ላይ ምልክት ያስቀምጥላችኋል። ሁሉንም አይዝም፤ ከምንም ግን ይሻላል።

መሞከሪያ

ጥርጣሬያችንን የምንፈትነው በንባብ አይደለም፤ በንባብ ውስጥ ትንሽ «ጠቅ»ታ ትደበቃለች። እኛ ያደረግነው ይሄ ነው፦ በስልክ አንድ ወጥ የሆነ ድምፅ (440 ሄርዝ፣ ቀጥ ያለ ፉጨት) አጫወትንና ማይክሮፎኑ ፊት አስቀምጠን አሥር ደቂቃ ቀዳን። ከዚያ ኦዳሲቲ ውስጥ እይታውን ከሞገድ ወደ ስፔክትሮግራም ቀየርን። ደህናው ድምፅ አግድም የተሰመረ መስመር ሆኖ ይታያል። የተቆረጠበት ቦታ ሁሉ ከታች እስከ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ይሆናል። ሳይሰሙ በዓይን መቁጠር ይቻላል! (በሩን ዝጉ፤ ማንኳኳትም ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል።)

ሁለተኛው ደንብ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ በደብተርም ጻፉት። ቀኑን፣ ባፈሩን፣ ምን ምን እንደተሰካ፣ ቻርጀር ይኑር አይኑር፣ በአሥር ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደተቆረጠ። መጀመሪያ ይህን ሳናደርግ አምስት ነገር በአንድ ጊዜ ቀይረን ድምፁ ተስተካከለ፤ ደስ አለን። በሳምንቱ ተመለሰ። ያኔ ከአምስቱ የትኛው እንደነበር የሚያውቅ አልነበረም።

ያገኘናቸው ሌቦች

የመጀመሪያው ዋይፋይ ነው። ሌተንሲሞን የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ አስጀምራችሁት አሥር ደቂቃ ስትተዉት የትኛው ድራይቨር ለምን ያህል ጊዜ መንገድ እንደዘጋ ይነግራችኋል። ደህና ከሆነ በአረንጓዴ፣ ካልሆነ በቀይ ይጽፋል። የእኛው ላይ አንደኛ የወጣው የኔትዎርኩ ሲሆን አንዳንዴ ወደ አራት ሚሊ ሰከንድ ይይዝ ነበር። ዋይፋዩን በቁልፉ ስናጠፋ የቆሙት መስመሮች አብዛኞቹ ጠፉ። ዋይፋይ ባይገናኝም እንኳ በርቶ ኔትዎርክ ሲፈልግ ያው ነው፤ ስለዚህ «ኢንተርኔት የለንም እኮ» ማለት መልስ አይሆንም። ብሉቱዙንም አብራችሁ አጥፉ። የብሉቱዝ ማዳመጫ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ራሱ ከመቶ ሚሊ ሰከንድ በላይ ሊያዘገይ ይችላል።

ሌተንሲሞን ባትሪን የሚቆጣጠረውን ድራይቨር የሚከስበት ጊዜም አለ። በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ባትሪውን «ዲሴብል» ማድረግ ይቻላል፤ ብዙ ሰው ይህን ይመክራል። እኔ ግን መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ አልመክርም። ባትሪው ስንት እንደቀረው ስለማታዩ ላፕቶፑ በመሃል ድርግም ብሎ ከ«ጠቅ»ታ የከፋ ነገር ያመጣል።

ዋይፋዩ ከጠፋ በኋላ «ጠቅ»ታዎቹ ቀነሱ፤ ግን አራት ሚሊ ሰከንድ ሙሉ «አት»ን ሊበላ አይችልም። ትልቁን ቁራሽ የሚበላ ሌላ ሌባ ነበር። ደብተሩን ስናገላብጥ ረጅሙ መቆረጥ የሚታየው ቀረጻውን በቀጥታ ፍላሽ ላይ ባስቀመጥንባቸው ቀናት ብቻ ነው። ፍላሹን ጠረጠርን። ሌላ ፍላሽ አመጣን፤ ያው ሆነ። በመጨረሻ ያወቅነው ችግሩ ፍላሹ ሳይሆን የተሰካበት ቦታ መሆኑን ነው። ላፕቶፑ የሚሠራለት ዩኤስቢ ቀዳዳ ሁለት ብቻ ስለነበር ባለ አራት ቀዳዳ ማከፋፈያ ገዝተን የድምፅ ሣጥኑን፣ ፍላሹንና ማውሱን እዚያ ላይ ሰክተናል።

የድሮው ዩኤስቢ 2 ቀዳዳ በደንቡ እስከ 500 ሚሊ አምፔር ይሰጣል። የራሱ የኃይል ገመድ የሌለው ማከፋፈያ ይህችኑ ነው ለአራት የሚያካፍለው፤ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ በደንቡ የሚደርሰው 100 ሚሊ አምፔር ነው። የድምፅ ሣጥን፣ በተለይ ለማይክሮፎኑ 48 ቮልት የሚልክ ከሆነ፣ ከዚያ በጣም የበለጠ ይፈልጋል። ፍላሹ መጻፍ ሲጀምር ኃይሉ ይወርዳል፣ ሣጥኑ ለቅጽበት ራሱን ይስታል፣ «አት» ትጠፋለች። ሣጥኑን ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ስንሰካው ረጅሙ መቆረጥ ጠፋ፤ መልሰን ማከፋፈያው ላይ ስናደርገው ተመለሰ። ይህን ሦስት ጊዜ ካደረግን በኋላ ነው ያመንነው።

ስለዚህ የድምፅ ሣጥኑ ብቻውን በአጭር ኬብል ላፕቶፑ ላይ ይሰካ። አንዱ ቀዳዳ ካልተመቸ ሌላውን ሞክሩ፤ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ያሉ ቀዳዳዎች ሁሉ እኩል አይደሉም። ቀረጻውም መጀመሪያ በላፕቶፑ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፤ ሲያልቅ ወደ ፍላሽ ይገልበጥ።

መብራትና ሙቀት

ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ይዞራል። ዊንዶውስ ያኔ ኃይል ለመቆጠብ ፕሮሰሰሩን ያዘገያል፣ ዩኤስቢውንም ለማስተኛት ይሞክራል። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ገብታችሁ «ሃይ ፐርፎርማንስ» የሚለውን ምረጡ፤ «ዩኤስቢ ሴሌክቲቭ ሰስፔንድ» የሚለውን አጥፉ። ሁለቱንም ለቻርጀርም ለባትሪም አድርጉት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው የባትሪውን ነው። ባትሪ ቶሎ ያልቃል፣ እውነት ነው። ስለዚህ ለቀረጻ ጊዜ ብቻ አድርጋችሁ ስትጨርሱ መልሱት።

ሙቀቱን አትናቁት። እዚህ ካኩማ ላይ ከቀትር በኋላ በቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ላፕቶፕ ራሱን ከቃጠሎ ለማዳን ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል። በጠዋት ያልነበረ መቆረጥ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ከሆነ መጀመሪያ የአየር ማስወጫውን እዩ፤ አቧራ ተለብዶበት ይሆናል። ላፕቶፑ ተጠፍቶ፣ ቻርጀሩ ተነቅሎ፣ በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳ። ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡት። እኛ ማሚቶ ለመቀነስ ብለን ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈን ላፕቶፑንም እዚያው ላይ አድርገነው ነበር። አሁን ከሥሩ ሁለት እንጨት አለ።

በየሰዓቱ እኩል የሚመጣ «ጠቅ»ታ

መቆረጡ እንደ ሰዓት የሚመላለስ ከሆነ፣ ለምሳሌ በየሁለት ደቂቃው ገደማ፣ የሰዓት አለመስማማትን ጠርጥሩ። የዩኤስቢ ማይክሮፎን አለን፤ የምናዳምጠው ግን በላፕቶፑ ማዳመጫ ቀዳዳ ነው እንበል። ሁለቱም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። ሁለቱም «48,000» ይላሉ፤ ግን አንዱ ከሌላው በሚሊዮን 50 ያህል ቢፈጥን በየሰከንዱ 2.4 ሳምፕል ይበልጣል፣ 256 የሚይዘውን ባፈር በ107 ሰከንድ ያህል ያዛባዋል። መፍትሔው መግቢያውም መውጫውም በአንድ መሣሪያ እንዲሆን ማድረግ ነው። የሳምፕሉ ቁጥርም በሶፍትዌሩና በዊንዶውስ የድምፅ ቅንብር ውስጥ አንድ ይሁን፤ አንዱ ጋ 44,100 ሌላው ጋ 48,000 አታድርጉ። ለንባብ ሁለቱም ይበቃሉ። 96,000 ማድረግ ግን ምንም አይጨምርላችሁም፤ ጀሪካኑን በእጥፍ ፍጥነት ማስሞላት ብቻ ነው።

በከንቱ የሚከሰሱ

ዲስኩ ብዙ ጊዜ ያለጥፋቱ ይከሰሳል። በ48,000፣ በ24 ቢት፣ በአንድ ማይክሮፎን ስንቀዳ በሰከንድ የሚጻፈው 144,000 ባይት፣ በደቂቃ ወደ 8.6 ሜጋባይት ነው። ይህን አሮጌ ሃርድ ዲስክም ያለ ችግር ይጽፈዋል። ሊሞላ ግን ይችላል፤ ባዶ ቦታውን እዩ። አንቲቫይረስ ቀረጻ ላይ እያላችሁ ፍተሻ እንዳይጀምር ሰዓቱን ቀይሩለት። ሌላው የተከፈተ ፕሮግራም ሁሉ ይዘጋ፤ በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

ለኪቦርድ በእውነት ትንሽ ባፈር ለሚያስፈልጋችሁ፣ ስታይንበርግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው አሲዮ የሚባል መንገድ አለ፤ ድምፁን ከዊንዶውስ የተለመደ ረጅም መንገድ ያሳጥረዋል። የድምፅ ሣጥናችሁ የራሱ አሲዮ ድራይቨር ካለው እሱን ጫኑ። ከሌለው አሲዮፎርኦል የሚባል ነፃ ድራይቨር አለ፤ እንደ ሪፐር ካሉ ፕሮግራሞች ጋር ይሠራል። ከ512 ጀምሩና እያወረዳችሁ ፈትኑ፤ መቆረጥ ሲጀምር አንድ ደረጃ ወደ ላይ መልሱት። እኛ 256 ላይ ነው የቆምነው። ተማሪው መጀመሪያ «ትንሽ ይዘገያል» ብሎ አጉረመረመ፤ በሁለተኛው ቀን ረሳው።

በእርዳታ የመጡት አሮጌ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ዊንዶውስ 11 አይቀበሉም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አብቅቷል። በእነሱ ላይ ሊኑክስ መጫን ጥሩ አማራጭ ነው። እዚያ ጃክ የሚባለው የድምፅ አገልግሎት ስንት ጊዜ እንደተቆረጠ ራሱ እየቆጠረ ይነግራችኋል፤ «ኤክስረን» ይለዋል። ቁጥሩ ዜሮ ላይ እስከቆየ ድረስ በሰላም ትቀዳላችሁ። የተጠቃሚው ስም «ኦዲዮ» በሚባለው ቡድን ውስጥ መግባቱን ግን አረጋግጡ፤ ካልገባ ቅድሚያ አያገኝም።

የተቆረጠውን ምን እናድርገው?

የጎደለውን ቃል ከሌላ ቦታ ቆርጦ መለጠፍ ይቻላል። በጨዋታ ወይም በተረት ውስጥ እኔም አደርገዋለሁ። በጤና ትምህርት፣ በቁጥር፣ በመድኃኒት መጠን ላይ ግን አናደርገውም፤ ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ እንደገና ይነበባል። ከመታደሉ በፊት ያላነበበው ሌላ ሰው ወረቀቱን ይዞ በጣቱ እየተከተለ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማዋል። ያነበበ ሰው ራሱን ሲሰማ ያልተባለውንም የተባለ ይመስለዋል፤ ጆሮው ይሞላዋል። ይህን ሥራ አሁን የምትመራው ያችው «ይሄ ነገር ልክ ነው እንዴ?» ያለችው ተማሪ ናት። ሁለት ጊዜ ሥራዬን መልሳብኛለች።

ከአራቱ ላፕቶፖቻችን ሦስቱ አሁን አሥር ደቂቃውን የፉጨት ፈተና ያለ አንድ መስመር ያልፋሉ። አራተኛው ግን ዋይፋዩን አጠፋን፣ ሊኑክስ ጫንን፣ አቧራውን ጠረግን፣ ቀዳዳውን ቀያየርን፤ አሁንም በአሥር ደቂቃ አምስት ስድስት ጊዜ ይቆርጣል። እሱን የፈተና ወረቀት መጻፊያ አድርገነዋል።